ከኢንተርኔት የቼዝ ውድድር በዙሮች መካከል ስለሚወጡ ተጫዋቾች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኢንተርኔት የሚካሄዱ የቼዝ ውድድሮች እየበዙ ሲመጡ አንድ ቅሬታም አብሮ እየተሰማ ነው፤ ይኸውም ውድድሩ ሳያልቅ በሁለት ዙሮች መካከል ድምፁን አጥፍቶ ስለሚጠፋ ተጫዋች የሚቀርበው ነው። ውድድር ያቋረጠ ሁሉ ይታገድ የሚሉ ወገኖች አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ቅጣት የሚገባው ሳይናገር የሚጠፋው ብቻ ነው፤ በጊዜው አስታውቆ የሚወጣ ተጫዋች ሊጠየቅ አይገባም።

ጉዳቱ እንደ ውድድሩ ዓይነት ይለያያል። አሬና በሚባለው አሠራር ቋሚ ዙር ስለሌለ አንዱን ጨዋታ የጨረሰ ሰው ወዲያው ከሌላ ነፃ ተጫዋች ጋር ይገናኛል፤ ደክሞት የወጣም ማንንም አያስቸግርም። በስዊስ አሠራር ደግሞ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ተጫዋቾች በየዙሩ ይደለደላሉ። አንድ ሰው ሦስተኛውን ዙር ጨርሶ የአራተኛው ድልድል ከመውጣቱ በፊት እንደማይቀጥል ቢያስታውቅ ስሙ ከድልድሉ ይነሳል፣ ያገኘው ነጥብ ይያዝለታል፣ የቀሩትም እርስ በርስ ይጋጠማሉ። የሚቀረው ችግር ነጥብ እኩል ሲሆን ደረጃ የሚለየው ቡኽሆልዝ የተባለው ስሌት የተጋጣሚዎችን ነጥብ የሚደምር መሆኑ ነው፤ የወጣው ሰው ነጥብ ከዚያ በኋላ ስለማያድግ ቀደም ሲል የገጠሙት ይጎዳሉ፤ ለዚህም ቢሆን የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ላልተካሄዱ ጨዋታዎች ማስተካከያ ደንብ አለው።

ያው ሰው ድልድሉ ከወጣ በኋላ ቢጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነጭ የደረሰው ተጋጣሚው የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ያራምድና የጥቁሩ ሰዓት ወደ ታች ሲቆጥር እያየ ይቀመጣል። ምናልባት መስመር ተቋርጦበት ይሆናል፣ አሁን ይመለሳል በሚል ከስክሪኑ ፊት መነሳትም አይችልም። በመጨረሻ በፎርፌ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ በፊዴ ደንብ ግን ሁለቱም ወገኖች ቢያንስ አንድ አንድ እንቅስቃሴ ያላደረጉበት ጨዋታ ለሬቲንግ (የተጫዋቹን ብቃት ለሚለካው ቁጥር) ስለማይቆጠር፣ ሊጫወት የመጣው ሰው ሳይጫወት ዙሩ ያልፍበታል።

ሁሉም ከሁሉም ጋር በሚጋጠምበት ውድድር ላይ የመውጣት ዋጋ ከዚህም ይከብዳል። በተለመደው ደንብ የወጣው ተጫዋች ከጨዋታዎቹ ከግማሽ በታች ከተጫወተ ውጤቶቹ ለደረጃ አይታሰቡም፤ ግማሹንና ከዚያ በላይ ከተጫወተ ደግሞ ቀሪ ተጋጣሚዎቹ በፎርፌ ነጥብ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 በቱኒዚያ በተካሄደው የኢንተርዞናል (የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ) ውድድር አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ከ10 ጨዋታ 8.5 ነጥብ ይዞ እየመራ ሲወጣ ውጤቱ በሙሉ ተሰርዟል። በ2022 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን ሲንክፊልድ ካፕ ከተባለው ውድድር ከሦስተኛው ዙር በኋላ ራሱን ሲያገልም አሜሪካዊው ሃንስ ኒማን በእሱ ላይ ያገኘው ድል ከደረጃ ሠንጠረዡ ወጥቷል። አሸናፊው በሰሌዳ ላይ ያገኘውን ነጥብ በሌላ ሰው ውሳኔ ሲያጣ ማየት፣ ደንቡ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ቅር ያሰኛል።

ታዲያ ተጫዋቹን በግድ ማቆየት ይሻላልን? ካርልሰን በዚያው ወር በኢንተርኔት በተካሄደ ሌላ ውድድር ከኒማን ጋር ሲደርሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቅሶ ጨዋታውን ለቅቋል። ስሙ በድልድሉ ላይ ነበረ፤ ጨዋታ ግን አልነበረም። መጫወት የማይፈልግን ሰው እንዲጫወት የሚያስገድድ ደንብ ሊኖር አይችልም። ሲሸነፍ ሬቲንጉን ለማዳን ይወጣል የሚለው ስጋትም ብዙ አያሳምነኝም፤ የተሸነፈበት ጨዋታ አስቀድሞ ተመዝግቧልና።

መስመር የተቋረጠበት ሰው ጉዳይም ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። በ2020ው የኦንላይን ኦሊምፒያድ (በኢንተርኔት የተካሄደ የአገሮች የቡድን ውድድር) ፍጻሜ የሕንድ ተጫዋቾች ግንኙነታቸው ተቋርጦ ሰዓታቸው ካለቀ በኋላ፣ ፊዴ ሕንድና ሩሲያ ወርቁን እንዲጋሩ መወሰኑ ይታወሳል። የጠፋ ሁሉ ጥሎ የሄደ አይደለም፤ ስለዚህ ዳኛው እገዳ ከመጣሉ በፊት ሊጠይቀው ይገባል።

አዘጋጆችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የማስታወቂያው የመጨረሻ ሰዓት በምዝገባው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ መውጫው ቁልፍ ድልድሉ እስኪወጣ ድረስ በግልጽ ይታይ፤ አንድ ዙር ብቻ መቅረት የሚፈልግ ተጫዋችም ውድድሩን ጨርሶ እንዳይተው አስቀድሞ ሲያመለክት ግማሽ ነጥብ እየተሰጠው ያንን ዙር እንዲያርፍ ይፈቀድለት። አስታውቆ የወጣ ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይገደድ፤ ሳያስታውቅ በተደጋጋሚ የቀረ ግን ከሚቀጥለው ውድድር ይታገድ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የቼዝ ተጫዋች አንባቢያችሁ