በሩን አታስቀቢው

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሎታል። ወንድምሽ ደውሎ መኪናሽን ልትሸጪ መሆኑን ነገረኝ። መሸጡን አልቃወምም፤ መኪናዋም አንቺም ብዙ ደክማችኋል። ያሳሰበኝ ሌላው ወሬ ነው። ጭረቶቹ እንዳይታዩ የግራውን በር ሙሉ ልታስቀቢው ነው አለኝ። ለገዢውም ላትነግሪው። ልጄ፣ በሩን አታስቀቢው።

በስልክ ብናወራ እቆጣሻለሁ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ገዢ ሲመጣ ምን እንደሚያይ ልንገርሽ። ጎንበስ ብሎ ጎኗን ከኋላ ወደ ፊት በብርሃን ያያል። አዲስ ቅብ ከቆየ ቀለም ጋር አስማምቶ መቀባት ከባድ ነው፤ ያንቺ ደግሞ ብርማ ስለሆነች ልዩነቱ ይበልጥ ያስታውቃል። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጎ የቀለም ብናኝ ይፈልጋል። ጠንቃቃው የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ይመጣል። የፋብሪካ ቅብ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ቢሆን ነው። ድጋሚ የተቀባ በር ከዚያ እጥፍ ሊያሳይ ይችላል። የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ስቱኮ ካለበትማ ቁጥሩ በጣም ይዘላል። ያን ጊዜ «ጭረት ብቻ ነበር» ብትይ ማን ያምንሻል? ተጋጭታለች ነው የሚልሽ። ከጭረት ሸሽተሽ የግጭት ስም ታወጪላታለሽ።

ይልቅ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ በደንብ እጠቢያት። አቧራ ላይ ጨርቅ ካሸሽ ሌላ ጭረት ትጨምሪያለሽ። ፀሐይ ላይ አትሥሪ፣ ጥላ ፈልጊ። ከዚያ ጥፍርሽን ጭረቱን አቋርጠሽ ሳብ አድርጊው። ጥፍርሽን ካልያዘው፣ ውሃ ስታፈሺበትም ለጊዜው ከጠፋ፣ የተነካው ላይኛው ጥርት ያለ ሽፋን ብቻ ነው። እሱን ፖሊሽ ያስተካክለዋል። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ትንሽ ጠብ አድርጊና በቀስታ እሺው። አታብዢው! ፖሊሽ የሚያሳምረው ሽፋኑን በትንሹ እየላገ ነው፤ የተላገ ደግሞ አይመለስም። ፓራውልቱ ላይ ያለው ነጭ መስመር ምናልባት ጭረት እንኳ ላይሆን ይችላል። የግድግዳ ቀለም ተለጥፎበት ከሆነ በፖሊሽ ይለቃል።

ጥፍር የሚይዘውን ግን ፖሊሽ አያድነውም። ላሜራው ከታየ ዝገት እንዳይጀምረው መሸፈን አለበት። የቀለም ኮዷን አብዛኛውን ጊዜ የሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ታገኚዋለሽ። በዚያ ኮድ ትንሽ የማረሚያ ቀለም ግዢ። ጭረቱን ብቻ በቀጭን ብሩሽ ስስ ስስ አድርገሽ ሙዪው፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቢ። ቀርቦ ላየው ይታያል። ይታይ! ያገለገለች መኪና ናት፣ ማንም አዲስ ናት ብሎ አይመጣም።

ያቺን ሰማያዊ መኪናችንን ታስታውሻለሽ? የኋላ ወንበሯ ላይ ቆመሽ የምትዘፍኝባትን? ስንገዛት ታብረቀርቅ ነበር። ሰውዬው «አንድ ጭረት የላትም» እያለ ዙሪያዋን አዞረን። ገንዘቡ የሞላው እናትሽ ከሰርጓ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ የነበረውን ሐብል ሸጣ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከኋላ ጎማ በላይ ቀለሙ አበጠ። በጣቴ ስጫነው ተንኮሻኮሸና ቅርፊቱ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር የተበላ ላሜራ። እናትሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። እጇን ባዶ አንገቷ ላይ አድርጋ አየችው እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያን ሐብል መልሼ እገዛላታለሁ ስል ኖርኩ። አንዴ የእናንተ ትምህርት፣ አንዴ ሕመም፣ አንዴ የቤት ጉዳይ እያለ ቀረ። እሷ ረስታዋለች ትላለች። እኔን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያንቺስ ገዢ የማንን ሐብል ይዞ እንደሚመጣ በምን ታውቂያለሽ? በሩን አታስቀቢው፣ ልጄ።

ፎቶ ስታነሺ በቀን ብርሃን አንሺ፣ ጭረቶቹንም ቀረብ ብለሽ አንሻቸው። ሰው ሲመጣ እሱ ሳይጠይቅሽ አንቺ አሳዪው። ከዋጋው ትንሽ ቀንስልኝ ሊልሽ ይችላል፣ ቀንሺለት። ሙሉ በር ለማስቀባት ከምታወጪው ጋር አስተያዪው እስኪ። የሰርቪስ ደረሰኞችሽንም ሰብስበሽ በአንድ ፖስታ አድርጊ፤ ከሚያብረቀርቅ በር ይልቅ እነሱን የሚያይ ገዢ ነው የሚበጅሽ።

በእርግጥ ደክሞሽ ነው፣ አውቃለሁ። ቶሎ ተሸጣ ቢገላግልሽ ትወጃለሽ። ብቻሽን ሁሉን ስትሯሯጪ አጠገብሽ አለመሆኔ ያንገበግበኛል። ቢሆንም በዚህ ነገር አልለሳለስም።

ወንድምሽ ቅዳሜ ይመጣልሻል፣ ፖሊሹን አብራችሁ ሞክሩ፤ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ። ለቀለም ቀቢው ቀብድ ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚው።

የሚወድሽ አባትሽ