ለፋርማሲ ኢንተርኖች፦ የሐሙስ ማታው የኦንላይን ኬዝ ውይይት

ሰላም ለሁላችሁ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የኬዝ ውይይታችን በኦንላይን ይሆናል። የዋርድ ራውንዱ ግን እንደነበረው ይቀጥላል፤ ታካሚን አልጋው አጠገብ ቆሞ ስለሚወስደው መድኃኒት መጠየቅ በስክሪን አይለመድም።

ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት፣ በጉግል ሚት። ሊንኩ እዚሁ ይለጠፋል።

የመጀመሪያው ኬዝ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) እየወሰደ የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት ታካሚ ነው። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት) ይወርዳል። ዶዙን እንዴት እንደምታስተካክሉ፣ አይኤንአሩ በየስንት ቀኑ እንደሚለካ፣ ሪፋምፒሲን ሲቆም ደግሞ ምን እንደሚያሰጋ አስባችሁ ኑ።

በምትልኩት ኬዝ ላይ የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር አይኑር፤ የቻርት ፎቶ ጭራሽ አይላክ። ኔትወርክ ለሚያስቸግራችሁ የድምፅ ቅጂው ቴሌግራም ላይ ይጫናል።

ሐሙስ ማታ ተረኛ የሆናችሁ እስከ ረቡዕ ማታ እዚህ ጻፉልኝ፤ ከበዛችሁ ወደ ቅዳሜ እናዞረዋለን።