ላጲስ የበሳው ወረቀት

ይድረስ ለልጄ፣

እማዬ፣ በወረቀት የምጽፍልሽ ፊት ለፊት ብነግርሽ ኢርፎንሽን ሳታወልቂ «እሺ እማ» ብለሽ ስለምታልፊኝ ነው። ወረቀት ግን ታነቢያለሽ። የሱቅ ደረሰኝ እንኳ ሳታነቢ አትጥይም።

ትናንት ማታ ቦርሳሽን የከፈትኩት ምሳ ዕቃሽን ላወጣ ነው። ልበረብር አልነበረም፣ እውነቴን ነው። ከምሳ ዕቃው ሥር የፊዚክስ ክላስ ወርክሽን ተጣጥፎ አገኘሁት። ሽሮ ነክቶታል። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ወረቀቱ ተበስቷል። ላጲስ ሲመላለስበት የሚበሳው ዓይነት። አምፖል ሥር ይዤ አየሁት። የጠፋው ጭረት 15 ይላል። ከላዩ በደማቁ 0.07 ተጽፏል። መምህሩ በቀይ ኤክስ አድርጎበታል።

ጥያቄው፣ በ220 ቮልት የሚሠራ 3,300 ዋት ምጣድ ስንት አምፔር ይስባል የሚል ነው። እኔ የቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፊዚክስን ከተውኩት ቆየሁ። ማካፈል ግን አልረሳሁም። 15 ነው።

ጠዋት ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? «አጠገቤ ያለው ልጅ 0.07 ነው አለኝ፤ እርግጠኛ ነበር።»

እሱ እርግጠኛ ስለሆነ አንቺ ልክ የሆነውን አጠፋሽ!

ለመሆኑ በዚህ ቤት ምጣድ ሲሰካ «ማንም ውሃ ማፍያውን እንዳይነካ!» እያለ የሚጮኸው ማነው? አባትሽ ብሬከሩ በወረደ ቁጥር የሰፈሩን ትራንስፎርመር ሲራገም፣ ማፍያው ጀርባ ላይ ያለውን 2,000 ዋት አንብበሽ፣ ከምጣዱ ጋር ደምረሽ «ሁለቱ አንድ ላይ 24 አምፔር ይሆናሉ፣ ብሬከሩ ደግሞ 20 ነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው» ያልሽው አንቺ ነሽ። 0.07 አምፔር ማለት እኮ የሳሎናችን አምፖል ነው። በአምፖል እንጀራ ይጋገራል እንዴ?

ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለና ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ፒሳ የሚባል ፈተና አለ። ጣሊያን አገር ያለው ዘመም ያለው ግንብ አይደለም። መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ኦኢሲዲ የሚባል የአገሮች ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሰጠው ነው። የሚፈተኑት 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው፤ ያንቺ እኩዮች። በ2022 ከ81 አገሮችና ግዛቶች 690 ሺህ ገደማ ልጆች ወስደውታል። እኛ አልነበርንበትም። ፈተናው የተሸመደደ አይጠይቅም፤ የተማሩትን ኑሮ ላይ ማዋል ነው የሚጠይቀው። የምጣድና የብሬከር ዓይነት ጥያቄ ማለት ነው።

በ2015 ትኩረቱ ሳይንስ ላይ ነበር። በኦኢሲዲ አገሮች አማካይ ወንዶቹ ሴቶቹን በ4 ነጥብ በለጡ። አማካይ ውጤቱ ራሱ 493 ሆኖ ልዩነቱ 4! በ2018 ደግሞ ሴቶቹ በ2 በለጡ። ይሄ ልዩነት ከተባለ እኔና እህቴም በቁመት እንለያያለን። ፊንላንድና ዮርዳኖስ ውስጥማ ሴቶቹ ጥለዋቸው ሄደዋል። የሴት ጭንቅላት ደግሞ ኬላ ሲሻገር አይለወጥም።

ደስ የማይለውንም ልንገርሽ፣ በኋላ ራስሽ አንብበሽ እንዳትታዘቢኝ። በ2015 በሳይንስ ከሁሉ በላይ ያመጡት ውስጥ ወንዶች ይበዛሉ። ከወንዶቹ 8.9 በመቶው እዚያ ደርሰዋል፣ ከሴቶቹ 6.5 በመቶው። በሌላ ዙር፣ በ2012፣ ስለ ሒሳብ የወጣውን ሳነብ ግን እጄ ላይ የነበረውን ሻይ አስቀመጥኩ። በራስ መተማመናቸውና ፍርሃታቸው እኩል የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ሲነጻጸሩ የውጤቱ ልዩነት ይጠፋል ይላል። ያ የተበሳ ወረቀትሽ መጣብኝ።

በ2015 ስለ ሥራም ተጠይቀዋል። ወደ ሳይንስ ሥራ እገባለሁ ያሉት ወንድና ሴት እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል፤ 25 በመቶና 24 በመቶ። ግን ሴቶቹ ሐኪምና ነርስ፣ ወንዶቹ መሐንዲስ። በኮምፒውተር ሙያ እሠራለሁ ያሉት ሴቶች 0.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሐኪም እሆናለሁ ስትይ ደስ ይለኛል፣ እንዳትቀየሚኝ። ብቻ ሌላውን በር ገርበብ እንኳ አድርገሽ ሳታዪው እንዳይሆን።

ስማቸው የገነነ ሴቶችን እየጠራሁ ልመክርሽ አልፈልግም። ያንን በየዓመቱ ማርች 8 ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ትሰማላችሁ። የራሴን ልንገርሽ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ቤተ ሙከራ ስንገባ መምህሩ «አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል፣ መዝግቢ» አለኝ። ኮራሁ። ወንዶቹ ሽቦ ያገናኛሉ፣ ባትሪ ድንጋይ ይገለብጣሉ፣ አንዴ እንዲያውም አንዱን አምፖል አፈነዱት። እኔ በማስመሪያ እያሰመርኩ ጻፍኩ። ዓመቱ አንዲት ሽቦ ሳልነካ አለቀ። አሁንም ጽሑፌ ያምራል።

እኔስ ምን አደረግኩ? ካቻምና የኩሽናው ሶኬት ሲቃጠል ካቻቢቴውን ለወንድምሽ ሰጠሁት። አንቺን «ባትሪ ያዢለት» አልኩሽ። እሱ ደግሞ መፍቻውን በየትኛው በኩል እንደሚያዞር እንኳ የነገርሽው አንቺ ነበርሽ። ትዝ ይልሽ ይሆናል። ይቅርታ እማዬ።

ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የምጣዱ ሶኬት መሰኪያው እየሞቀ መሽተት ጀምሯል። አሮጌው ላይ የተጻፈውን አምፔር አይተሽ፣ ምን ያህል የሚችል መግዛት እንዳለብን ጻፊልኝ። ከአራት ኪሎ ስመለስ ገዝቼ እመጣለሁ። ቅየራውን አብረን እናደርገዋለን፤ ባትሪውን እኔ እይዛለሁ። መጀመሪያ ግን ብሬከሩን አውርደሽ።

ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጻፊው። ካቻቢቴው ማንኪያ መሳቢያው ውስጥ ነው።

እናትሽ