«ተመርቃ ምን ልትሆን ነው?» ላሉኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን አሁን እንዴት ያደርግዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የልጅ ልጅዎ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ያለው ማካሌስተር ኮሌጅ እንደተቀበላት ሲሰሙ «ታዲያ ተመርቃ ምን ልትሆን ነው?» ብለዋል። ሊበራል አርትስ የሚባለው፣ በአንድ ሙያ ሳይወሰን ብዙ መስክ የሚያስተምረው ትምህርት የሙያ ስም ስለሌለው መስጋትዎ አይገርመኝም። ነገሩ በስልክ ስለማያልቅ በደብዳቤ ላስረዳዎ።

ለመመረቅ 128 ክሬዲት ያስፈልጋል። አብዛኛው ኮርስ 4 ክሬዲት ስለሆነ በሴሚስተር አራት፣ በአራት ዓመት 32 ኮርስ መሆኑ ነው። ዋናውን መስክ እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ትመርጣለች፤ እሱ ከጠቅላላው ሲሶውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ይወስዳል። የቀረው ጽሑፍ፣ ከቁጥር ጋር የሚያውል ኮርስ፣ የውጭ ቋንቋና ራሷ የምትመርጠው ነው። በእርስዎ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ሎጂኩም ሥነ ልቦናውም፣ ተመልሷል። እዚህ ያ ስፋት በአንድ ዓመት አያበቃም።

ተማሪው ሁለት ሺህ ገደማ ነው። እንደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በመምህሩ ፋንታ የሚያስተምር የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረውም፣ ጽሑፍ የሚያርመውም መምህሩ ራሱ ነው። ትልቁን ጥቅም እኔ የማየው እዚህ ላይ ነው። ተማሪዋ ጽሑፏን ታረቅቃለች፤ መምህሩ ኅዳጉ ላይ «ማስረጃሽ ይህን አይልም» ብሎ ይመልስላታል፤ እንደገና ትጽፋለች። በዚህ ደጋግሞ ያለፈ ሰው መሥሪያ ቤት ገብቶ ሪፖርት ሲጽፍ፣ ከማይስማማው ባልደረባ ጋር ሲከራከር ያስታውቃል።

ሐኪም እንድትሆን እንደሚመኙ አውቃለሁ። መንገዱ አልተዘጋም። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ታሪክም ይሁን ፍልስፍና በየትኛውም መስክ የተመረቀን ይቀበላሉ፤ የሚጠይቁት የተወሰኑ ኮርሶችን ነው። በአብዛኛው ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አንድ አንድ ዓመት ከነላብራቶሪያቸው፣ በላዩ ባዮኬሚስትሪ። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚሰናከለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጄኔራል ኬሚስትሪ በመጀመሪያው ዓመት ካልተጀመረ ኦርጋኒኩ ወደ ሦስተኛ፣ ባዮኬሚስትሪው ወደ አራተኛ ዓመት ይገፋል፤ ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አብሮ ይዘገያል፤ ከምረቃ በኋላም መጠበቅ ይመጣል። ከኤምካት አራት ክፍሎች አንዱ የሳይንስ ጥያቄ የለበትም፤ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከፍልስፍናና ከኅብረተሰብ ጥናት የተወሰደ ምንባብ አንብቦ መመርመር ነው። በሌላው ክፍል ሥነ ልቦናና ሶሲዮሎጂ ይጠየቃል። በሰፊው ያነበበ ልጅ እዚህ ላይ ይቀናዋል።

ሁሉን ያዳርሳል ግን አልልዎትም። ነርስ መሆን ከፈለገች ይህ ቀጥተኛው መንገድ አይደለም፤ ሌላ ዲግሪ ላላቸው የተዘጋጀው የተፋጠነ የነርሲንግ ትምህርት ከ12 እስከ 18 ወር ይጨምርባታል። ምህንድስና ከሆነም እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት እነሱ ዘንድ፣ ሁለት ዓመት ምህንድስና ትምህርት ቤት የሚያስተምር ስምምነት አላቸው። አምስተኛው ዓመት ራሱን የቻለ ወጪ ስላለው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከኮርሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተማሪዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። ነፃነቱን አግኝተው ሒሳብን ጨርሰው ይተዋሉ። ኢኮኖሚክስም ትምረጥ ፖለቲካ ሳይንስ፣ ስታቲስቲክስና አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ኮርስ ቢኖራት ቀጣሪ ፊት የምታሳየው ይኖራታል። ሁለተኛው፣ የሥራ ማማከሪያ ቢሮውን በር የሚያንኳኩት አራተኛ ዓመት ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሄዳ ሲቪዋን ማሳየት፣ በሁለተኛው ዓመት ክረምት የሥራ ልምምድ መያዝ አለባት። ልምምዱ ደመወዝ ከሌለው ኮሌጁ የሚሰጠው ድጎማ እንዳለ ትጠይቅ፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ክረምቱ ሳይደርስ ነውና።

ኮፊ አናን በኢኮኖሚክስ የተመረቁት ከዚሁ ኮሌጅ ነው፣ በ1961 እ.ኤ.አ.። የአንድ ታላቅ ሰው ስም ለሁሉ ዋስትና አይሆንም፤ ግን የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊነት የሚባል የትምህርት ክፍል የትም እንደሌለ ያሳያል።

ስለ ገንዘቡም አይጨነቁ። ጠቅላላ ዋጋው በዓመት ከ80,000 ዶላር ይበልጣል፤ ይሁንና ኮሌጁ የቤተሰቡን አቅም መዝኖ የጎደለውን በእርዳታ ያሟላል። ፋፍሳና ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባሉት የእርዳታ ማመልከቻ ቅጾች በቀናቸው መሞላት አለባቸው። የእርዳታ ደብዳቤው ላይ የማይመለሰውን ስጦታ ከብድሩ ለይቶ ማንበብ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተደምረው ሲቀርቡ ሰው ይሳሳታል።

እሑድ ስትደውልልዎ «ምን ልትሆኚ ነው?» የሚለውን ለጊዜው ይተዉላትና «ኬሚስትሪውን በየትኛው ሴሚስተር ያዝሽው? አማካሪ መምህርሽስ ማን ናቸው?» ብለው ይጠይቋት። ከእርስዎ አፍ ሲሰማ ከእኔ ይልቅ ትሰማለች።

ምርቃትዎ አይለየን።

ልጅዎ