«ያለ ልምምድ» የሚለው ቃል የእናቴን ጣት መልሶ አጠፈው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ወር ስለ ስትሮክና ስለ አእምሮ ማነቃቂያ መሣሪያ ያወጣችሁትን ዘገባ ደብረ ብርሃን ላይ ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች በቴሌግራም ልከውልኛል። ሁሉም ለደግ አስበው ነው። የእናቴ ቀኝ እጅ አልታዘዝ ካላት ስምንት ወር እንደሆነ ያውቃሉ።

ዘገባው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ሕመምተኛው ያለ ምንም ልምምድ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጁን ማንቀሳቀስ ይጀምራል» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ እናንተ ዘንድ አልቀረም፣ እኛ ቤት ድረስ ገብቷል።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የበግ ፀጉር ስትፈትል ነው የኖረችው። ልጆቿ የለበስነው ባና ሁሉ ከእሷ እንዝርት የወጣ ነው። እንዝርት የሚሾረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው። ስትሮኩ የወሰደባት እነሱን ነው። እግሯ ተመልሶላታል፣ አንደበቷም ደህና ነው። እጇ ግን እንደተጨበጠ ቀረ። ብርድ ሲሆን ይብስባታል፣ ጠዋት ጠዋት መዳፏን ለማጠብ እንኳ ጣቶቿን አንድ በአንድ መፈልቀቅ አለብኝ።

ጠዋትና ማታ ልምምድ እናሠራት ነበር። ባቄላ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ትለቅማለች። እርጥብ ፎጣ ትጨምቃለች። አሰልቺ ነው፣ ያማልም። ብዙ ቀን አልቅሳለች። በሰባተኛው ወር ሌባ ጣቷ ተከፈተ። የዚያን ቀን እልል ብለናል። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

ከዚያ የእናንተ ዘገባ ወጣ። የጎረቤት ልጅ ጮክ ብሎ አነበበላት። በማግስቱ ባቄላውን ሳቀርብላት «ተይው ልጄ፣ ማሽኑ እስኪመጣ ልረፍ» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለመንኳት። የተከፈተው ጣት ተመልሶ ታጠፈ።

«20 ደቂቃ» ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እናቴን የምታክማትን ፊዚዮቴራፒስት ጠይቄ፣ ራሴም አንብቤ ነው የደረስኩበት። አንደኛው ዓይነት ሕክምና በጨው ውኃ የራሱ ስፖንጆች ጭንቅላት ላይ አድርጎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ አምፒር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አንዱ ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 20 ደቂቃ ማለት እንግዲህ ሰውየው ወንበር ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። የሚድንበት ጊዜ አይደለም። ጽሑፉን ያሳለፈው ሰው አንድ ባለሙያ ጠይቆ ቢሆን ይህን በአምስት ደቂቃ ያውቀው ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት በማግኔት የሚሠራው ነው። በፈረንጆቹ 1985 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነው። የሽቦ ጥቅልል ጭንቅላት ላይ ይቀመጣል። ማግኔቱ የራስ ቅልን አልፎ አእምሮ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። እጅን የሚያዝዘው ቦታ ላይ ከሆነ የሌላኛው ጎን ጣት እመር ይላል። ከዘገባው ጋር ያያያዛችሁት ቪዲዮ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ያቺን ጣት ያንቀሳቀሳት ማግኔቱ ነው፣ የሰውየው ፈቃድ አይደለም። ማሽኑ ሲቆም ጣቷም ትቆማለች። ሐኪሞች ይህን የሚጠቀሙበት አንዱ ምክንያት ከአእምሮ ወደ እጅ የሚወርደው መንገድ መትረፉን ለማየት ነው። እናንተ ግን ምርመራውን ፈውስ አድርጋችሁ ጻፋችሁት።

ሕክምና ሲሆን ደግሞ ሐሳቡ ይህ ነው። ግራና ቀኝ አእምሯችን አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል። በስትሮክ አንዱ ሲጎዳ ጤነኛው ጎን የተጎዳውን ከመጠን በላይ ይጫነዋል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ጤነኛውን በሰከንድ አንድ ጊዜ በሚመታ ማግኔት ረገብ ያደርጉታል፣ ወይም የተጎዳውን በፈጣን ምት ያነቁታል። ይህ እጅን አይፈውስም። አእምሮው ለመማር እንዲዘጋጅ ነው የሚሞከረው። ትምህርቱ ልምምዱ ነው።

ልምምዱ ምን ያህል እንደሚመዝን በፈረንጆቹ 2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ያሳያል። በ12 ማዕከላት 199 የስትሮክ ሕመምተኞች ተሳትፈዋል። አንዱ ቡድን እውነተኛውን ማግኔት፣ ሌላው የማስመሰያውን አገኘ። ሁለቱም እኩል የእጅ ልምምድ ሠሩ። በእውነተኛው 67 በመቶ፣ በማስመሰያው 65 በመቶ የሚሆኑት በግልጽ ተሻሻሉ። ማሽኑ ከንቱ ነው አልልም፣ ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚጠቅም አሁንም እየተጠና ነው። ግን ሁለቱንም ቡድን የሚያገናኘው ልምምዱ ነው። እናንተ ደግሞ ከዘገባችሁ ያስቀራችሁት እሱኑ ነው።

አደጋውንም አልጻፋችሁም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ወይም ፍንጣሪ የቀረበት ሰው ማግኔቱን ከማሰቡ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። በእኛ አካባቢ ፍንጣሪ ይዞ የሚኖር ሰው አለ።

መጨረሻው ላይ ያለው አንቀጽ ደግሞ አሳዘነኝ። «የገጠር ሕመምተኞች በግንዛቤ ማነስ ዘግይተው ይመጣሉ» ይላል። የገጠር ሰው ስም በዘገባው ውስጥ የተነሳው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ማንን ጠይቃችሁ ነው? እናቴ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ የወደቀችው በሌሊት ነው። ወንድሜ ስትሮክ መሆኑን ወዲያው አውቋል። መኪና ነው ያጣው። ሲነጋ ተገኝቶ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን እስክትደርስ ቀኑ ተጋምሷል። የተኛችበት ሆስፒታል የግፊት መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘን። ስለ እጇ ልምምድ አንድም ሰው አልነገረን። ፊዚዮቴራፒስቷን ሰው ለሰው ጠይቄ ያገኘኋት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ግንዛቤ ያነሰው ማን ዘንድ ነው?

ውድ ማሽን ለሌለበት አካባቢ የሚሆን ነገር መጻፍም ይቻል ነበር። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ 222 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ጤነኛ እጃቸውን ለሁለት ሳምንት በጓንት አስረው ደካማውን በብርቱ ያሠሩት ሰዎች ከሌሎቹ በልጠው ተሻሽለዋል፣ ጥቅሙም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ይህ ጣቱ ትንሽም ቢሆን ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው፣ ባለሙያም ማየት አለበት። ግን ጓንት መሐል ሜዳም ይገኛል።

የምጠይቀው እርማቱን ነው። ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን «ያለ ምንም ልምምድ» ያላችሁት ስህተት እንደነበር ጻፉ። እንደ እናቴ ልምምዳቸውን የተዉ ሰዎች ሌላም ቤት ይኖራሉ።

ለእናቴ በራሷ ሥራ ነው ያስረዳኋት። ማሽኑ ፀጉሩን ያባዝታል እንጂ አይፈትልም አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «የተባዘተ ሁሉማ ክር አይሆንም» አለች። ሰኞ ባቄላውን እንደገና ጀምረናል። ጣቷ ገና አልተከፈተም።

ልጇ፣ ከደብረ ብርሃን