ስንት ሰው እንደታመመ ስትነግሩን ከስንቱ እንደሆነም ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጅማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ መዝገብ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ አዲስ ወይስ ተመላላሽ። ታማሚ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት በእኔ መስኮት ያልፋል።

የምጽፍላችሁ ስለ በሽታ የምታወጡት ቁጥር ስለሚያሳስበኝ ነው። “እዚህ ቀበሌ 30 ሰው ታመመ፣ እዚያኛው 12” ትላላችሁ። ከዚያ ወሬው ያልቃል። 30ው ከስንት ሰው ነው? እሱ የለም።

ይህ ነገር ሰው ይጎዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በከተማችን ተቅማጥ በርክቶ ነበር። የእኛ ሰፈር “ብዙ ሰው የታመመበት” ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እናት ናቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ደንበኞቻቸው ቀሩባቸው። አንድ ማታ ጠርተውኝ መሶባቸውን ከፈቱ። ጠዋት የጋገሩት እንዳለ ተቀምጧል። የላይኛው እንጀራ ጠርዙ ደርቆ ወደ ውስጥ ታጥፏል። “ልጄ፣ አንቺ መዝገብ ቤት ነሽ፤ ምን ብናደርግ ነው እንዲህ የጻፋችሁብን?” አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ።

የእኛ ቀበሌ ሰው የሚበዛበት ነው። በቀላል ቁጥር ላስረዳ። አንዱ ቀበሌ 15,000 ሰው አለው እንበል፤ 30 ታመመ። ሌላው 3,000 ሰው አለው፤ 12 ታመመ። የመጀመሪያው ከ10,000 ሰው 20 መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከ10,000 ሰው 40። እጥፍ የተጠቃው “12 ብቻ” የተባለው ነው። ክሎሪኑም ባለሙያውም ቀድሞ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነበር። ላዕልና ታህት፣ ማለትም የክፍልፋይ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር፣ በአንደኛ ደረጃ ተምረነዋል። በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠናው የኤፒዲሚዮሎጂ ሀሁ ይኸው ነው፤ ታህቱ ከሌለ ላዕሉ አያወራም።

በፈረንጆች 1854 ለንደን ላይ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ ብዙው ሐኪም በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ይል ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን ውሃውን ጠረጠረ። በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎች ነበሩ። ቧንቧቸው በብዙ ሰፈር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። አንደኛው የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት የቴምዝ ወንዝ ይቀዳል። ሌላኛው መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው ንጹሕ ውሃ አዛውሯል። የአዌቱን ወንዝ የሚያውቅ የጅማ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ ከላይ ያለው ውሃና ከተማውን ሰንጥቆ የወጣው ውሃ አንድ አይደለም።

ስኖው በረዳት እየታገዘ ቤት ለቤት ዞረ። ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ የሚጠጡት የየትኛውን ኩባንያ ውሃ እንደሆነ ጠየቀ። በመጀመሪያው 1,263፣ በሁለተኛው 98 ሰው ሞቷል። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ “የመጀመሪያው ደንበኛ ስለሚበዛ ነዋ!” ይሉት ነበር። እሱ ግን የቤቶቹን ቁጥር ከሥር አስገባ። የመጀመሪያው 40,046 ቤት፣ ሁለተኛው 26,107 ቤት ነበረው። ሲካፈል ከ10,000 ቤት በአንዱ 315፣ በሌላው 37 ሞት መጣ። ሮበርት ኮክ የኮሌራን ተህዋስ ለይቶ ያሳወቀው ከዚያ ወደ 30 ዓመት ቆይቶ ነው። ስኖው ተህዋሱን ሳያይ በማካፈል ብቻ መንገዱን አገኘው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የራሴን መዝገብ በሌላ ዓይን አያለሁ።

የእኛም መዝገብ እንከን አለው፤ አልደብቅም። ከከተማው ውጭ ካሉት ወረዳዎች፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና፣ ከቀርሳ የሚመጣ ታማሚ ብዙ ነው። ከተማ ዘመድ ቤት ያርፍና ካርድ ሲያወጣ የዘመዱን ቀበሌ ይናገራል። በዚያ ቀበሌ ሕዝብ ውስጥ ሳይቆጠር በሽተኛው ውስጥ ይቆጠራል። ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው። ቡናውን ሸጦ በዚያው የሚታከም ስላለ ወረፋው ይረዝማል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው በሽታው ሐሙስ ሐሙስ የሚነሳ ይመስለዋል። ተቅማጥ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲያስቀምጥ ነው። አንዱ ቦታ ይህን ጠብቆ፣ ሌላው አንዴ ያስቀመጠውን ሁሉ ከመዘገበ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

ታህቱም ችግር አለበት። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጅማ 120,960 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ የምንሠራው በግምት ነው፤ ከተማው ግን የት ደርሷል! ለዚህ ነው የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ በር አትዝጉባቸው የምለው። እናቴ ራሳቸው “ልጅ አይቆጠርም” ብለው አንዴ መልሰዋቸው ነበር። ቆጠራ ክፉ ይጠራል ብለው ስለሚፈሩ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የጎረቤታችንን መሶብ አስታወስኳቸው። በማግስቱ ተማሪዎቹን ራሳቸው ጠርተው ቡና አፈሉላቸው፤ የልጅ ልጆቹን ስም አንድ በአንድ አስጻፉ።

አዲስ የተያዘና ከበሽታው ጋር የሚኖር ደግሞ ለየብቻ ይጻፍልን። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው በሕይወት ቆይቷል። በሕይወት የቆየ ሰው ሲበዛ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ቁጥርም ይጨምራል። ይህን “በሽታው ተባባሰ” ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

እናንተን የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “ከዚህን ያህል ሰው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን።” አንባቢንም ልለምን። ካርድ ስታወጡ ያደራችሁበትን ሳይሆን የምትኖሩበትን ቀበሌ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ከጅማ