የመጀመሪያ የአየር ሽጉጥ ስለ መምረጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በውጭ አገር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ጥምቀት ባሕር ዳር በመጣ ጊዜ፣ ለኢላማ መዝናኛ የሚሆነውን የመጀመሪያ የአየር ሽጉጥ ስለ መምረጥ አማክሮኝ ነበርና፣ ምክሩ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ጻፍሁ።

እርሱን የማረከው ቁርጥ እውነተኛውን የሚመስለው፣ በተተኮሰ ቁጥርም የላይኛው አካሉ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ዓይነት ነው። ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ጥይቱን የሚገፋውን ጋዝ የያዘውን የ12 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀፎ ቶሎ ይጨርሳል፣ በተከታታይ ሲተኮስም ጋዙ ስለሚቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ከመልኩ ይልቅ ጥይቱን ማየት ይሻላል፤ 4.5 ሚሊ ሜትሯ ክብ የብረት ጥይት እንደ ጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ ካለ ጠንካራ ነገር ጋር ስትጋጭ ወደ ተኳሹ ልትነጥር ትችላለች፣ የእርሳሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትጠፈጠፋለች፤ የ10 ሜትር የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎችም የሚተኩሱት እርሷን ነው። ስለዚህ የእርሳስ ጥይት የሚተኩሰውን እንዲመርጥ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም እንዳይለየው ነገርሁት።

«ይዤው ልምጣ?» ሲለኝ ግን በፍጹም አልሁት። ከሩቅ ለሚያይ ፖሊስ ከእውነተኛው አይለይም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሚሠራበት አገር፣ «መጫወቻ ነው» የሚል መልስ ጉምሩክ በር ላይ ብዙ አያራምድም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ